ምን በላህ? ምን በላሽ?

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺ የላክኩልሽን ፎቶ አይተሽ መልሱን አግኝተሻል። አይደለም፣ ሸሚዙ የሰው አይደለም። ያው አንቺው የላክሽልኝ ነው። ሸሚዙ አልሰፋም፤ እኔ ነኝ የከሳሁት።

መጀመሪያ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ፖስታውን ካሸግኩት በኋላ ቀደድኩት። እውነቱ ይህ ነው፦ ሐኪሙ ኩላሊቶችህ ደክመዋል ብሎኛል። ደም ግፊት ቀስ በቀስ ሲጎዳቸው ኖሯል፤ እኔ አላወቅኩም። ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የተጨረማመተ የመኪና በር ሲቀጠቅጥ የሚውል ባትላሜራ ራሱን ቢያመው ከመዶሻው ነው ከማለት ሌላ ምን ያስባል? ጆሮዬን የወሰደው መዶሻ ራስ ምታቱንም ያመጣው መስሎኝ ነበር።

አንዲት የምግብ ባለሙያ ሰጥተውኛል። ወጣት ናት። እንደማልሰማ ስታውቅ እንደ ሌሎቹ አልጮኸችብኝም፤ ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ከንፈሯን እያሳየች ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በየቀኑ የምበላውንና የምጠጣውን መጻፍ አለብኝ። ጨው የለም። ሥጋና እንቁላል ለስሙ ያህል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ተከልክያለሁ፤ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለባቸው፣ ልብ ያቆማል አለችኝ። ድንች ካማረኝ ቆራርጬ ውኃ ውስጥ አሳድሬ፣ ውኃውን ደፍቼ በሌላ ውኃ እቀቅላለሁ። ድንች እንደ ልብስ ሲዘፈዘፍ ያየሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

እንዳትመጪ። ሥራሽን ጥለሽ መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ? በስልክም ብትደውዪ አልሰማሽም። ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ድንቡሼ፤

ሰላምታው ይቆየኝና መጀመሪያ ልቆጣህ። ራስህን ሲያምህ ከርሞ ለእኔ ስለ ዝናቡ ትጽፍልኝ ነበር? ዓመቱን ሙሉ ስለ ዝናቡ አነበብኩ እኮ። እሺ፣ ተቆጣሁ፤ በቃኝ። አሁን እንደምን ነህ የእኔ ጌታ?

ደብዳቤህን ያነበብኩት ዳቦ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነው። አንድ ሙሉ ትሪ ዳቦ ከሰለብኝ። አለቃዬ ሮጦ መጣና ዓይኔን ሲያይ ሊናገር የነበረውን ዋጠው። ጭሱ ነው አልኩት። አዎ ጭሱ ነው አለኝ፣ መስኮቱንም ከፈተልኝ።

እናታችን ስትሞት አንተ ገና ጥርስ እያበቀልክ ነበር። እኔም ልጅ ነበርኩ፤ ግን በማንኪያ ያበላሁህ እኔ ነኝ። ያን ጉንጭህን አይቼ ድንቡሼ ያልኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ አንዲት የማላውቃት ልጅ ምን እንደምትበላ እያወቀች እኔ ሳላውቅ መቅረቴ፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ስለዚህ የምትጽፈውን በየሳምንቱ ለእኔም ገልብጠህ ላክልኝ። እኔም የእኔን እልክልሃለሁ። ብቻህን አትመዘንም።

የእኔን ስታይ እንዳትስቅ። ጠዋት የተረፈ ኬክ በሻይ፤ ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ምሳ ዳቦ። አሥር ሰዓት ላይ ዳቦ፣ አዲሱ ሲወጣ መቅመስ ስላለብኝ። እራት ዳቦና ወተት። እስክጽፈው ድረስ ለካ እኔ የምበላው አንድ ነገር ብቻ ነው!

አሁን የምጠይቅህን ለምን ብለህ አትመልስልኝ። የደምህ ዓይነት ምንድን ነው?

እህትህ


ኅዳር 8

እትዬ፤

ለምን አልልሽም፤ ገብቶኛል። ደሜ ካንቺው ጋር አንድ ነው። ይህ የጥያቄሽ መልስ ነው። ሳትጠይቂኝ የምመልስልሽ ደግሞ፦ አይሆንም። አንቺ ለእኔ መስጠት ያለብሽን ሁሉ ገና ልጅ ሳለሽ ሰጥተሽ ጨርሰሻል። ከዚህ በኋላ ይህን ነገር አታንሺብኝ።

የሳምንቱ እነሆ። ሰኞ፦ ጠዋት ጨው የሌለው ዳቦና ሁለት እንቁላል፣ ምሳ ሩዝና የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ከዓሣ ጋር፣ እራት ማካሮኒ በካሮት። ማክሰኞ፦ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ዶሮ፣ አንድ ፖም። ረቡዕ ሐኪም ቤት ስለዋልኩ በደንብ አልጻፍኩም። ሐሙስ፦ እንቁላል፣ የተዘፈዘፈው ድንች በነጭ ሽንኩርት፣ ዓሣ። ባለሙያዋ አይታ አረንጓዴው ያንሳል ብላ አሰመረችበት። አርብ ላይ ጎመኑን ጨመርኩ።

ምን ይናፍቅሃል ብትዪኝ፣ ውኃ። በቀን የተፈቀደልኝ ጠዋት በአንዲት ጠርሙስ ተለክቶ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። ሾርባውም፣ ሻዩም፣ መድኃኒት የምውጥበትም ከእሷው ላይ ይቀነሳል። ጋራዥ ውስጥ ልጆቹ ቧንቧ ከፍተው እጃቸውን እየታጠቡ ወሬ ሲይዙ መዶሻዬን ልወረውር ይቃጣኛል። ሲብስብኝ ቁራጭ በረዶ እመጥጣለሁ። ከውኃ ቀጥሎ የምትናፍቂኝ አንቺ ነሽ፤ ቅደም ተከተሉ እንዳያስቀይምሽ።

የዳቦውን ነገር ሳነብ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እባክሽ አንድ ቅጠል እንኳ ብዪ።

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ድንቡሼ፤

በደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ነገር አገኘሁ።

የመጀመሪያው ካሮቱ ነው። እኔ ስቆጣህ እንኳ ካሮት ከትፈህ የማታውቅ ሰው "ማካሮኒ በካሮት" ብለህ ጻፍክ። ማን ነው የከተፈልህ? ክፉ እንዳይመስልህ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ብቻ ማን እንደሆነች ንገረኝ።

ሁለተኛው እንቁላሉ ነው። ጥቅምት ላይ እንቁላልና ሥጋ ለስሙ ያህል አልከኝ። ኅዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ በላዩ ዓሣ፣ በላዩ ዶሮ። ዳነልኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር። ወረቀትህን ይዤ እዚህ ጤና ጣቢያችን ላለው የምግብ ባለሙያ አሳየሁት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ "እናቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ፕሮቲን የሚጨመርለት ደሙን በማሽን ማሳጠብ ሲጀምር ነው፤ ማሽኑ ስለሚወስድበት" አለኝ። ረቡዕ ሐኪም ቤት ዋልኩ ያልከው ይሄ ነው? ከመቼ ጀምሮ? እዚያ ስትተኛ አጠገብህ ማን ይቀመጣል?

አይሆንም ያልከውን አላነበብኩትም። ቀለሙ ደብዝዟል።

እኔም ተመርምሬያለሁ። የስኳር በሽታ ሊይዝሽ በርሽ ላይ ቆሟል፣ ክብደትሽም በዝቷል፤ በዚህ አካል እንኳን ለሌላ ለራስሽም አትበቂም አሉኝ። መጀመሪያ እነዚህን አውርጂ፣ ሌላው ምርመራ ከዚያ በኋላ ይታያል ነው የሚሉት። ባለሙያው ሳህን ስሎ ሰጠኝ፤ ግማሹ አትክልት፣ ከቀረው ግማሹ ምስር ወይ ባቄላ ወይ ዓሣ፣ ለዳቦ የተረፈው አንዲት ጥግ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ዳቦ ስጋግር ኖሬ ጥግ ሰጡት!

ስለ እንቁላሉ መልስልኝ። ሌላውን ተወው።

እህትህ


ታኅሣሥ 13

እትዬ፤

ካሮቱን የከተፈችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ደም ግፊት ስላለባት እሷም ጨው አትበላም፤ አንድ ድስት ለሁለት ጣዕም የለሽ ሰዎች ይበቃል ብላ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

እንቁላሉ እንዳልሽው ነው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ አንቺ በማንኪያ አበላሁህ ብለሽ የጻፍሽበት ሳምንት። መጻፍ ያቃተኝም ለዚያ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። ማሽኑ ይጮኻል ይላሉ፤ እኔ አልሰማውም፣ በክንዴ ላይ መንቀጥቀጡ ብቻ ይሰማኛል። አጠገቤ ማንም አይቀመጥም። ባጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አንድ የሒሳብ መምህር ይተኛል፤ እኔ አልሰማም፣ እሱ መናገር ያደክመዋል፤ ስለዚህ በጣም ተግባብተናል።

እዚያ ተኝተህ ምን ታስባለህ ብትዪኝ፣ ያደግንበትን ቤት አስባለሁ። በረንዳው ላይ አንድ ሳህን መሃላችን አስቀምጠሽ፣ እኔ ቶሎ ቶሎ ስበላ አንቺ ጠግቤያለሁ እያልሽ ወደ እኔ ትገፊልኝ የነበረውን። ያኔ እውነት ይመስለኝ ነበር። አሁን የበላሽውን በየሳምንቱ ሳነብ ነው አንቺ መቼም ቢሆን ጠግበሽ እንደማታውቂ የገባኝ።

ለእኔ ብለሽ እንዳትራቢ። ለራስሽ ብለሽ ከሆነ ግን ሳህኑን ከፋፍዪው።

ወንድምሽ


ጥር 22

ድንቡሼ፤

ለዘገየሁት ይቅርታ። የሰርግ ወቅት ነው፤ ዳቦ ቤቱ በኬክ ትእዛዝ ተጨናንቋል። ቀኑን ሙሉ እጄ ክሬም ውስጥ ነው፣ አፌ ግን ጎመን ውስጥ። ጣቴን ልልስ ስል የልጅነት ፊትህ ይመጣብኛል፤ በፎጣ እጠርገዋለሁ። ልጃገረዶቹ "እማማ መነኮሱ" ይሉኛል።

የበላሁት፦ ጠዋት አጃ በወተት ያለ ስኳር። የመጀመሪያ ቀን ካርቶን የበላሁ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ምሳ ምስርና ሰላጣ፣ በዳቦ ቤቱ ሚዛን የተመዘነች ቁራሽ ዳቦ። እራት አትክልትና እንቁላል። ማታ ማታ ምን እንደጎደለኝ አየዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ፍራፍሬ ይጎድለኛል። ብርቱካን ከገበያ አንስቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። አንተ የተከለከልከውን ብቻዬን መላጥ አልቻልኩም። ባለሙያው ሲሰማ ይሄ ሞኝነት ነው ብሎ ተቆጣኝና ትናንት አንድ በላሁ። ጣፋጭ ነበር። አልቅሼ በላሁት።

የልብሴ ወገብ ሰፍቶኛል። ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ። ስኳሬ ወርዷል። እንቅልፌ ግን አልተስተካከለም፤ ሌሊቱን አንተ ጠምቶህ ይሆን እያልኩ እገላበጣለሁ።

እዚህ የቀረኝ የሆድ ምስል መነሳት ብቻ ነው፤ ለየካቲት መጨረሻ ቀጥረውኛል። አሁን አይሆንም የምትለውን ደግመህ በደማቅ ቀለም ብትጽፈውም አላነበውም። እኔ ለአንተ ውለታ ልሠራልህ አይደለም። አንተ ከሌለህ ምን በላሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለኝም፤ ለራሴ ነው።

እህትህ


የካቲት 14

እትዬ፤

እሺ።

ይህቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ደብዳቤሽን ልብስ ሰፊዋ እንድታነበው ሰጠኋት፤ መልሳ ስትሰጠኝ፣ "እምቢ ካልካት የምትጎዳት አንተ ነህ" ብላ ወረቀት ላይ ጽፋ ነበር። የመጨረሻው መስመርሽ ለእኔም እንዲሁ ነው። እኔም ሌላ ጠያቂ የለኝም።

ለሐኪሙ ነገርኩት። ምስሉ ጥሩ ከሆነ ወደዚህ ትምጣ፣ የቀረውን እዚህ እንጨርሳለን ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ ልትሰፋልሽ ልኳን ጠይቅልኝ ብላለች። የድሮውን ሳይሆን የአሁኑን ላኪ።

እትዬ፣ ፊትሽን ካየሁ ስንት ጊዜ ሆነ? ሽበት አውጥተሻል? እኔ ራሴ መላጣ ሆኛለሁ፤ ስታዪኝ እንዳትደነግጪ ቀድሜ ልንገርሽ።

ወንድምሽ


መጋቢት 3

ድንቡሼ፤

እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ነፋሱ አይሏል፣ የዳቦ ቤቱን ምልክት አውርዶታል። አለቃዬ ሰላም ብሎሃል። ለሰፊዋም ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልኬን ኋላ እልካለሁ፣ አትቸኩል በላት።

ምስሉን ተነሥቻለሁ። እንደገና ያዩታል መሰለኝ። እጽፍልሃለሁ።

ውኃህን አታብዛ።

እህትህ


መጋቢት 24

እትዬ፤

ከነፋሱ ደብዳቤ በኋላ ምንም አልደረሰኝም። ዓመቱን ሙሉ ስለ ዝናቡ ጻፍክልኝ ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር፤ እነሆ አንቺ ስለ ነፋስ ጻፍሽልኝ።

ምን አሉሽ? አልሆነም ካሉሽ አልሆነም ነው፤ እኔ እንደሆንኩ ማሽኑን ለምጄዋለሁ፣ ኩላሊት ለማግኘት ተራ ከሚጠብቁት ጋርም ስሜ ተመዝግቧል። የሚያሳስበኝ አንቺን ነው። ክፉ ነገር አገኙብሽ? ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው። ባለሙያዋ የሳምንቱን ወረቀቴን አይታ ምነው ምግብ ቀነስክ አለችኝ። እህቴ አልጻፈችልኝም አልኳት። እሷም ከንፈሯን እያሳየች፣ "እሷ እንድትጽፍልህ አንተ ብላ" አለችኝ። በልቻለሁ። ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 5

የእኔ ጌታ፤

ይቅር በለኝ። ጽፌ የቀደድኩት ብዙ ነው፤ አሁን ገና ገባኝ አንተ ጥቅምት ላይ ምን እንደሆንክ።

ምስሉን ያየው ሐኪም በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ደጋግሞ አየና ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ሐኪም ወንበር ሲስብልህ ለደግ አይደለም።

"እናቴ፣ እርስዎ ያለዎት አንድ ኩላሊት ብቻ ነው፤ ሲፈጠሩም አንድ ነበር" አለኝ።

"ደህና አድርገህ ፈልገው፤ ጓዳ ጎድጓዳ ገብቶ እንዳይሆን" አልኩት።

አልሳቀም። እጄን ያዘና ምስሉን አሳየኝ። ግራው ቦታ ባዶ ነው። ይህን ያህል ዘመን ዱቄት ስሸከም፣ ባል ስቀብር፣ አንተን አዝዬ ገበያ ስወርድ አንድ ብቻ ይዤ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ሳያውቅ ኖሮ ያልፋል አለኝ። እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ነው፦ ለድንቡሼ የምትሰጪው የለሽም።

ከዚያ ሌላም ነገረኝ። የድሮ ምርመራዬን ከአሁኑ ጋር አስተያየና፣ በዚያው ብቀጥል ኖሮ ስኳሩ ይህንንም አንዱን ይበላው እንደነበር፣ አሁን ግን ጤነኛ መሆኑን፣ እንዲህ እየበላሁ ከቆየሁ እንደሚበቃኝ ነገረኝ። ያን ጊዜ አልተጽናናሁበትም። እንዲያውም ተናደድኩ። የተራብኩት ለእኔ አልነበረማ።

የዚያን ዕለት ከዳቦ ቤት አንድ ሙሉ ኬክ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቢላዋም አቀረብኩ። ከዚህ ወዲያ ለማን ብዬ ነው አልኩ። ቆርሼ አፌ ላደርስ ስል፣ ይህን ለድንቡሼ እንዴት አድርጌ ነው የምጽፍለት የሚል ሐሳብ መጣብኝ። መዋሸትም አልፈለግኩም። ኬኩን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁና ምስሬን አሙቄ በላሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ካልፈለግክ ቀለሙ ደብዝዟል በለኝ። ከእናታችን ሞት ጀምሮ እጄን ባዶ አድርጌ ወደ አንተ መጥቼ አላውቅም። ባዶ እጄን ብመጣስ? ለሳምንት አይደለም። ለመኖር።

እህትህ


ሚያዝያ 19

እትዬ፤

ደብዳቤሽን ጋራዥ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ የጋራዡ ልጆች ግራ ገብቷቸው ከበቡኝ። "እህቴ ልትመጣ ነው" አልኳቸው። ሌላውን ለእነሱ ማስረዳት አልቻልኩም።

ለአንቺ ግን ልናገር። አንቺ ልትሰጪኝ ስትሮጪ እኔ ሰጥቼሽ ተገኘሁ። እኔ ባልታመም አንቺ ያን ሁሉ ኬክ እየበላሽ፣ ያለሽ አንድ ብቻ መሆኑን ሳታውቂ ታጪው ነበር። ሕመሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያልረገምኩት ዛሬ ነው። በሕይወቴ ለአንቺ ምንም ሰጥቼሽ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሰጠሁሽ፣ አውቄ ባይሆንም። ስለዚህ ባዶ እጄን ያልሽውን መስመር ሰርዤዋለሁ።

የእኔ ነገር እንዳለ ነው፤ አላሳምርልሽም። በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ፣ ስመለስ እግሬ ይዝላል፣ እተኛለሁ። ተራዬ መቼ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም፤ ላይደርስም ይችላል። ሐኪሙ ግን በአበላልህ ከቀጠልክ ረጅም ጊዜ መኖር ትችላለህ ብሏል። ይህን እያወቅሽ ነይ።

የቤቱ ባለቤት ከጎኔ ያለውን ክፍል ሰጥቶኛል። ትንሽ ነው፣ መስኮቱ ግን ወደ መንገድ ነው። ትናንት ከሰፊዋ ጋር ግድግዳውን ቀባነው። እኔ የታችኛውን፣ እሷ በርጩማ ላይ ወጥታ የላይኛውን። አረንጓዴ መረጥኩ ብላ አስገደደችኝ። መጋረጃውንም እሷ ነች የሰፋችው፤ ስለ እሷ የምትጠይቂኝን ሁሉ አሁን ራሷን ትጠይቂያታለሽ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ጋጋሪ ይፈልጋል፤ ገብቼ ነግሬያቸዋለሁ፣ እህቴ ጨው የሌለውም ትጋግራለች ብዬ ትንሽ ጉራ ነዝቻለሁ።

ከእናንተ የሚነሳው አውቶቡስ ቅዳሜ ከሰዓት ይደርሳል፤ በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነይ። ቅዳሜ የማሽን ቀኔ አይደለም፤ መናኸሪያው ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ሩዙንና ዓሣውን ጠዋት እናዘጋጃለን። አንቺ እስክትደርሺ ግን ምሳዬን አልበላም። ይህን ለባለሙያዋ እንዳትነግሪብኝ።

ወንድምሽ